ለትንሹ ኤልናታን የተሰጠው መቃብር

ፊሉራ ሃስኬል ለልጆች ግጥም መጻፍ የጀመረችው ልጆችን ስለምትወድ አልነበረም። አትጠላቸውም፤ የምትንቀው ልጆቹን እየጎተቱ ወደ ግጥሟ የሚያመጧቸውን ትልልቅ ሰዎች ነበር። እጁን ሳይታጠብ ዳቦ የቆረሰ ልጅ ግጥሙ ሳያልቅ ትኩሳት እንዲይዘው የሚፈልጉ እናቶች፣ የዋሸች ልጅ በረዶው ከእግሯ ስር ተሰብሮ ሐይቅ ውስጥ ስትገባ እፎይ የሚሉ አባቶች፣ ይህን ሁሉ በየሳምንቱ አትሞ የሚሸጥ የቦስተን የልጆች ጋዜጣ አዘጋጅ። እሷ የሚፈልጉትን ትሰጣቸዋለች። ባርኔጣ ሰፊ የደንበኛውን ራስ እንደሚለካው እሷም የእነሱን ለክታ ትሰፋ ነበር፤ ጠባብ መሆኑን ከልምድ ስለምታውቅ ብዙ ጨርቅ አይፈጅባትም።

ተወልዳ ያደገችው ሃርሎ ነው። ሃርሎ ወንዶቿን ለባሕር የምትገብር፣ ሴቶቿን ለወሬ የምትተው የወደብ መንደር ናት። የፊሉራ አባት የመርከብ ምክትል አዛዥ ነበሩ፤ እሷ የወተት ጥርሷን ሳትጨርስ ወደ ደቡብ ደሴቶች ሳንቃና የደረቀ ዓሣ ጭነው እንደሄዱ በዚያው ቀሩ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ባለው ጉብታ ላይ፣ በሃስኬሎች አጥር ውስጥ ድንጋይ ቆመላቸው። ከድንጋዩ ስር ማንም የለም። በሃርሎ ይህ ማንንም አያስደንቅም፤ የመቃብሩ እኩሌታ ባዶ ነው። ባሕር የበላው ሰው ሁሉ ድንጋይ ይቆምለታል፣ በቁመቱ ልክ መሬት ይከለልለታል፣ በዚያ መሬት ሌላ ሰው አይቀበርም። ባሕር ሙታኗን በምትመልስበት ቀን ባለቤቱ መጥቶ ቦታውን ተይዞ እንዳያገኘው ነው። ለሞተ ሰው ቦታ በመጠበቅ ሃርሎዎችን የሚያህላቸው የለም፤ በሕይወት ላለ ሰው ግን ወንበር ሲለቁ አይታዩም።

እናቷ ታምዚን ከባሏ ሞት በኋላ ሁለት ልጆቿን የሰው ሸሚዝ እየሰፋች አሳደገች፤ ፊሉራንና ታናሿን ኦሪንን። ታምዚን ምላሷ ከመርፌዋ የሾለ ሴት ነበረች። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ ጓንቷን ሳታወልቅ ስብከቱን ከሰባኪው ሳልና ዓይን ማንከራተት ጋር ታስመስለዋለች፤ ፊሉራ በሳቅ ወለሉ ላይ ትቀመጣለች፤ ኦሪን ደግሞ ኃጢአት ነው እያለ ወደ ጓዳ ይገባል። ያ ልጅ አድጎ ዲያቆን ሆነ። የመርከብ ዕቃ መደብር ከፈተ፣ ድሩሲላ የምትባል የባለጠጋ ልጅ አገባ፣ ሆዱን አስቀደመ። ከዚያ በኋላ ሲስቅ ያየው ሰው የለም።

ፊሉራ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ላይ ባርኔጣ መስፋት ልትማር ፖርትላንድ ሄዳ የበረዶውን ወራት እዚያ አሳለፈች። ያረፈችበት ቤት ብርዱ አጥንት ድረስ የሚገባ፣ ምግቡ የድንች ልጣጭ የሚመስል ስለነበር ሳል ይዛ፣ ከስታና ገርጥታ ተመለሰች። ሙያውም አልሆነላትም። በማግሥቱ ዓመት አንድ መምህር ሊያገባት ጠየቃት። ደህና ሰው ይመስል ነበር፤ ግን ስለ አንዲት የሞተች ርግብ የጻፈችውን ግጥም አነበበና አለቀሰ። ፊሉራ በዚያ ግጥም የሚያለቅስ ሰው ፊት ለፊት ተቀምጣ ዕድሜ ልኳን ቁርስ ለመብላት አልደፈረችም። እምቢ አለችው።

ትንሹ ኤልናታን የተወለደው በአንድ ቅዳሜ ነው። እንደ ሃርሎ ሴት ሁሉ ፊሉራም ቅዳሜ ጠዋት ባቄላውን በአሳማ ሥጋና በሞላሰስ አሽታ ምድጃ ውስጥ ከትታ ነበር፤ ባቄላው እስኪበስል ሌላ ሥራ ስላልነበራት ወረቀት አወጣች። ኤልናታን የመርከብ ተላላኪ ልጅ ነው። መርከቧ ስትሰበር በነፍስ አድን ጀልባው ላይ ለእሱና ለአንድ ሽማግሌ አንድ ቦታ ብቻ ይቀራል። ልጁ እግሩ እስከ ጉልበቱ ውኃ ውስጥ ሆኖ፣ መዝሙር እየዘመረ፣ እንዲህ ይላል፦

ሽማግሌው ይግቡ፤ እኔ ልቅር፣ ግድ የለም፤
እናቴ ትጠራኛለች ከዚያኛው ዓለም።

ባቄላው ሳያር ግጥሙ አለቀ። ማታ ለእናቷ ስታነብላት ታምዚን ማንኪያዋን አስቀመጠችና፣ ሽማግሌው በቀሪ ዘመናቸው ያንን መዝሙር በጆሯቸው እየሰሙ ከሚኖሩ ቢሰጥሙ ይሻላቸው ነበር አለች። ሁለቱም እንባቸው እስኪፈስ ሳቁ።

ቦስተን ግን አልሳቀም። ጋዜጣው ግጥሙን በፊት ገጹ አወጣው፤ አዘጋጁም ከግርጌው፣ በደራሲዋ መንደር በእውነት የኖረ ልጅ ታሪክ ነው የሚል ከራሱ ጨመረበት። ፊሉራ አየችው። የዚያን ሰው ውሸት ማረም የባሕርን ውኃ በጭልፋ እንደ መቅዳት ነው ብላ ተወችው። እውነቱን ለመናገር፣ ከዚያ ቀን ጀምሮ የላከችውን ሁሉ ሳይመልስ ያትምላት ስለነበር ዝምታው ተመችቷታል። ዓመት ሳይሞላ ኤልናታንን የማያውቅ ትምህርት ቤት ጠፋ። በትምህርት መዝጊያ ቀን የኦሪን ታላቅ ልጅ መድረክ ላይ ወጥታ «ግድ የለም» ስትል እጇን ደረቷ ላይ፣ «ከዚያኛው ዓለም» ስትል ጣቷን ወደ ጣሪያው ታደርጋለች፤ ጣሪያው የሚያፈስ ስለነበር ሰው ሁሉ ጣቷን ተከትሎ እርጥቡን ቦታ ያያል።

ታምዚን ታመመች። አልጋ ላይ በቆየችባቸው ዓመታት ፊሉራ ታገላብጣት፣ ታጥባት፣ ታጎርሳት ነበር፤ ማታ ማታ ደግሞ ሁለቱ መንደሩን አንድ ባንድ እያነሡ ይቦጭቁት ነበር። ፊሉራ በዕድሜዋ ልቧን ከፍታ ያወራችው ከእናቷ ጋር ብቻ ነው። በሃስኬሎች አጥር ውስጥ ከታምዚን ጎን አንድ ቦታ ቀርቶ ነበር፤ ኦሪን ለራሱና ለድሩሲላ ሰፊ ቦታ ወደ በሩ አካባቢ ይዟል። ታምዚን ልትሞት ስትል ሁለቱንም ልጆቿን አስቀርባ ተናገረች።

«ከጎኔ የምትመጪው አንቺ ነሽ ፊሉራ። ኦሪን እንዳይመጣብኝ። እስከ ምጽአት ድረስ ስለ ሸራ ዋጋ ሲያወራኝ አልችልም።»

ኦሪን ሰማ፤ እሺ አለ። ፊሉራም ከዚያ በኋላ በኖረችው ኑሮ ብዙ ነገር አልጠበቀችም። ድንገት አንድ ቀን ስትደክም ወደዚያ ጉብታ እንደምትወጣና ያቋረጡትን ወሬ እንደሚቀጥሉ ታስብ ነበር። በትንሣኤ እምነቷ እምብዛም ያልጠና ሴት ይህን ማመኗ ራሷንም ያስቃታል። ቢሆንም አመነችው።

ችግሩ የመጣው በእንፋሎት መርከብ ነው። በጋ በመጣ ቁጥር ከቦስተን የሚመጡ ሰዎች፣ ሴቶቹ ጃንጥላ፣ ወንዶቹ የገለባ ባርኔጣ ይዘው ወደቡ ላይ ይራገፉና የትንሹን ኤልናታን መቃብር አሳዩን ይላሉ። ሃርሎዎች መጀመሪያ ግራ ተጋቡ፤ ቀጥሎ አፈሩ። ለባሕር ሰው ድንጋይ ሳያቆም የቀረ መንደር ተብለው መታማታቸው ነው የቆረቆራቸው። እንዲህ ያለ ልጅ ነበር ወይ ብሎ የጠየቀ ግን አልተገኘም። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ሽማግሌዎች መርከቧን ማስታወስ ጀመሩ። አንዱ ልጁ ጠቃጠቆ ነበረበት አለ። ሌላው ለእናቱ ከሰል ያመላልስ ነበር አለ።

ድሩሲላ የሴቶች የስፌት ማኅበር ሰብሳቢ ነበረች፤ ነገሩን የያዘችው እሷ ናት። የጋዜጣው አንባቢ ልጆች ሳንቲማቸውን እንዲልኩ አዘጋጁ ጻፈላት። ነጭ እብነ በረድ ታዘዘ፤ በላዩ የተበጠሰ ገመድና የተቀነጠሰ ጽጌረዳ ሊቀረጽበት። ቦታ ሲፈለግ ጥሩው መሬት ሁሉ ተይዟል፤ ግማሹ በሙታን፣ ግማሹ በባሕር በቀሩት። አዲሱ መቃብር ከመንገዱ ማዶ ረግረጉ ዳር ነው፤ የባሕር ሙላት ሲመጣ ጉድጓዱ ውኃ ይቋጥራል፣ ሣጥን ሲወርድ ድምፁ ከሩቅ ይሰማል። የቦስተን ሰዎች ጫማቸውን ጭቃ አስነክተው ኤልናታንን ሊያዩ አይችሉም። ስለዚህ ድሩሲላ ማታ ራት ላይ ለባሏ ነገረችው፤ ዲያቆን ኦሪን ደግሞ ከእናቱ ጎን ያለውን ቦታ ለትንሹ ኤልናታን ሰጠ። በድንጋዩ ጀርባ የሰጪው ስም ይጻፋል።

ፊሉራ ይህን የሰማችው ከሰባኪው አፍ ነው፤ እሁድ፣ ከምእመናኑ ሁሉ ጋር። ሰኞ ጠዋት ኦሪን መደብር ገባች። ገመድ እየለካ ነበር።

«እናታችን ስትናዘዝ ቆመህ ሰምተሃል» አለችው።

«መች ካድኩ።» ዓይኑን ከገመዱ አላነሣም። «ግን አጥሩ በእኔ ስም ነው። ቃል ደግሞ ሰጥቻለሁ።»

«ለማን?»

«ለድሩሲላ። ለማኅበሩ። ለፓስተሩም።»

«ልጁ የት አለና ነው መቃብር የሚያስፈልገው? እኔ እኮ ነኝ የፈጠርኩት ኦሪን። ባቄላ እስኪበስል የጻፍኩት ነው። ከባቄላውም በልተሃል።»

«ጋዜጣው እውነተኛ ታሪክ ነው ብሏል።»

«ጋዜጣው ውሸቱን ነው።»

«ያኔ ዝም አልሽ» አለ ኦሪን። «አሁን ቦታሽ ሲነካ ውሸት ሆነ?»

ወንድሟ በዕድሜው ብልህ ነገር ሲናገር ለመጀመሪያ ጊዜ መስማቷ ነበር፤ በእሷ ላይ መሆኑ አናደዳት። እንግዲያው የአባታችንን ቦታ ስጠኝ አለችው፤ እሳቸው እንደሆኑ እዚያ የሉም። ኦሪን ገመዱን ለቀቀው።

«አብደሻል እንዴ እቴ? አባታችን ሲመጡ የት ሊተኙ ነው?»

«ከሙታን ተነሥተው ከመጡ በኋላ ለምን ይተኛሉ?»

ኦሪን መጽሐፍ ቅዱስ ላይ መቀለድ በመደብሬ ውስጥ አይሆንም አለ። ገመዱንም መልሶ አነሣ። በሃርሎ ሕግ ባዶው የአባቷ መቃብር ሙሉ ነው፣ በእናቷ ቃል የተያዘው የእሷ ግን ባዶ ነው። ፊሉራ ከመደብሩ ስትወጣ የምታስበው ረግረጉን ነበር። ውኃው አይደለም ያስፈራት። ከእነዚህ ሰዎች ጋር ስትኖር የሚያስቅ ነገር ባየች ቁጥር ለእናቴ እነግራታለሁ እያለች ታስቀምጠው ነበር፤ ያ ሁሉ የትም ሊቀር መሆኑ ነው የከነከናት።

ሐሙስ የስፌት ማኅበሩ ድሩሲላ ቤት ተሰበሰበ። ሴቶቹ በሞቃት አገር ለሚኖሩ አረማውያን የሱፍ ካልሲ ይሠሩ ነበር። ድሩሲላ ደግሞ ለድንጋዩ የታሰበውን ጽሑፍ ታነባለች፦ ኤልናታን፣ በባሕር የቀረ፣ ግድ የለም ያለ። ፊሉራ በሩ ላይ እንደቆመች፣ ካባዋን ሳታወልቅ፣ ኤልናታን የሚባል ልጅ በሃርሎም በሌላም መንደር እንዳልነበረ፣ መርከቧም ሽማግሌውም ከራሷ እንደወጡ፣ ቦታው በእናቷ ቃል የእሷ እንደሆነ ነገረቻቸው። በግጥም ያልሆነ ቀጥተኛ ነገር በእነዚያ ሴቶች ፊት ስትናገር የመጀመሪያዋ ነበር። ነገሩም አላማረላትም፤ ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ።

መርፌዎቹ ቆሙ።

«ስለማታውቂው ልጅ ይህን ያህል መንቀጥቀጥ ምንድነው እትዬ ፊሉራ?» አለች ድሩሲላ፤ ተንኮል አስባ አልነበረም፣ ለማሰብ የሚበቃ ነገር አልነበራትም። «ከጎኑ ለመተኛትስ ይህን ያህል ጭንቀት?»

«ከእሱ ጎን አይደለም። ከእናቴ ጎን ነው።»

በምድጃው አጠገብ የተቀመጡት እማማ ሄፕሲባ ነበሩ፤ ባላቸውንም አንድ ልጃቸውንም ባሕር የበላባቸው አሮጊት። ካልሲያቸውን ጭናቸው ላይ አኖሩ።

«ፖርትላንድ የከረምሽ ጊዜ፣ ልጄ» አሉ በዝግታ፣ «ስንት ዓመትሽ ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ» አለች ፊሉራ፤ ጥያቄው ወዴት እንደሚሄድ አልገባትም።

«ከስተሽ ነው የተመለስሽው። አስታውሳለሁ። ለእናትሽ ሾርባ ልኬ ነበር።»

መርፌዎቹ ባንድ ጊዜ እንደገና ጀመሩ። ሁሉም ሴት አንገቷን ደፍታ የሱፍ ክሯን በፍጥነት ስትስብ ፊሉራ በየፊታቸው ላይ ሒሳቡ ሲሠራ አየች፤ ፖርትላንድ፣ ክሳት፣ ሳል፣ እምቢ የተባለ መምህር፣ ከዚያ በባሕር የቀረ ተላላኪ ልጅ። በግጥሙ ውስጥ የልጁ እናት ሞታለች ብትላቸው፣ ከኀፍረት የተነሣ ራሷን እንደ ሞተች አድርጋ ጻፈች ይላሉ። በእርግጥም ሳምንት ሳይሞላ አሉ።

እማማ ሄፕሲባ ተነሥተው እጇን ያዙ። «መካድ ምን ያስፈልጋል የእኔ ልጅ። ሬሳ ያላገኘች እናት እዚህ አንቺ ብቻ አይደለሽም።» የእጃቸው ቆዳ እንደ ወረቀት የሳሳ ነበር። ፊሉራ ልትንቃቸው ፈለገች፤ ከየት እንደምትጀምር አጣችና እጇን ቀስ ብላ አስለቅቃ ወጣች።

ከዚያ ወዲያ ሃርሎ ደግ ሆነባት። ይህን ነው ያልቻለችው። ስታልፍ ወሬ ያቋርጡ የነበሩ ሴቶች አሁን አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ደህና አደርሽ ይሏታል። ደጃፏ ላይ የፖም ኬክ ተቀምጦ ታገኛለች። ልጆች ግጥሟን ሲያነበንቡ ካየቻቸው ዝም በሉ ይባላሉ። ባልሠራችው ኃጢአት ይቅር ሲሏት የሚያሳዩት ፊት፣ እጃቸውን ካልታጠቡ ልጆች ሞት የሚያገኙት ያው እርካታ ነበር፤ የሰፋችላቸውን ባርኔጣ መልሰው እሷው ራስ ላይ አጠለቁት።

ፓስተር ፊልብሪክ ሊጠይቃት መጣ። ወጣት ነው፤ ጉንጩ ቀይ፣ እጁ ለስላሳ፣ ሲናገር ሁልጊዜ የታመመ ሰው አልጋ ጠርዝ ላይ የተቀመጠ የሚመስል። የመጡላትን ኬኮች እየቆረሰ ስለ አየሩ፣ ስለ ቤተ ክርስቲያኑ ጣሪያ፣ ስለ መግደላዊት ማርያም አወራ። በመጨረሻ ነገሩን አወጣው። በሃርሎ ቤተ ክርስቲያን የቆየ ወግ አለ፤ ከጋብቻ ውጭ የወለደች ሴት በጉባኤው ፊት ቆማ ትናዘዛለች፣ ጉባኤው ተነሥቶ ይቀበላታል። ሌሎች መንደሮች ይህን ከተዉት ቆይቷል፤ ሃርሎ ግን የማይከፈልበትን ትርዒት አይጥልም።

«ከተናዘዙ በኋላ» አለ ፓስተሩ፣ «እናት ከልጇ ጎን እንዳትተኛ የሚከለክል ሰው በሃርሎ የለም፣ ሚስ ፊሉራ። ድንጋዩ ወደ አጥሩ ጠጋ ይላል፤ ቦታው ለእርስዎ ይበቃል። ዲያቆኑን አነጋግሬአቸዋለሁ።»

«ለእህቱ የከለከለውን ለኃጢአተኛ ይሰጣል ነው የሚሉኝ?»

«ይቅር ለተባለች ኃጢአተኛ።»

«ልጅ ወልጄ አላውቅም ብልስ?»

ፓስተሩ የኬኩን ፍርፋሪ ከጉልበቱ አራገፈ። «ልጅ ለሌላት ሴትማ አዲሱ መቃብር አለ።»

ሲወጣ በሩ ላይ እጇን በሁለት እጁ ይዞ እጸልይልዎታለሁ አላት። ፊሉራ በሩን ዘግታ ወጥ ቤት ተቀመጠች። ነገሩ እንደ ሕፃን ግጥም ግልጽ ነበር። እውነቱን ይዛ ረግረግ ውስጥ ትገባለች፤ ወይም ውሸቱን ይዛ ከእናቷ ጎን። ውሸቱ ደግሞ ዋጋ አለው፤ የቦስተኑ አዘጋጅ የወደቀች ሴት ስም በልጆች ገጽ ላይ እንደማያወጣ ታውቃለች፣ ከዚያ በኋላ የሰው ሸሚዝ መስፋት ሊኖርባት ነው። ሰው ምን ይለኛል የሚለው ሐሳብ ብዙ አላገዳትም፤ የእነዚህ ሰዎች አክብሮት ኖሮም ቢቀር የሚጎድል ነገር አይደለም። ያስጨነቃት ሌላ ነው። እስከዚያ ቀን በግጥም እንጂ በአፏ ዋሽታ አታውቅም ነበር፤ በዚህች ትንሽ ልዩነትም ትኮራ ነበር። ብዙ ካሰበች በኋላ ኩራቱ ያን ያህል የሚያስቀና አልመስል አላት። ባቄላ እስኪበስል ስትሸጠው የኖረችው ምን ነበርና።

እሁድ ቤተ ክርስቲያኑ ጢም አለ። ከሌላ መንደር በጋሪ የመጡ ሁሉ ነበሩ። ፊሉራ ከመቀመጫዋ ተነሥታ ፊት ወጣች፤ ጥቁር ቀሚስ ለብሳለች፣ ጓንቷን አላወለቀችም። መጀመሪያ አጭር ነገር ተናግራ ልትቀመጥ ነበር ሐሳቧ። ፊታቸውን ስታይ ግን እጇ የለመደውን ሥራ ጀመረች። ለኤልናታን ግራጫ ዓይን ሰጠችው። በግንባሩ ላይ የማይተኛ የጸጉር ቁንጮ ሰጠችው። ፖርትላንድ ወደብ ላይ፣ በነፋስ፣ ሳታቅፈው እንደተለየችው ነገረቻቸው፤ ማቀፉን የቀነሰችው ሆን ብላ ነው፣ የጎደለ ነገር መሐረብ እንደሚያስወጣ ታውቃለች። ቀጥሎ ዝም አለች፤ ይህም እዚያ ቦታ ላይ የሚገባ ዝምታ ነበር።

ለቅሶው ከኋላ ረድፍ ተነሥቶ ወደ ፊት መጣ። ድሩሲላ እየተንሰቀሰቀች ነበር። ፓስተሩ መነጽሩን አወለቀ። በሕይወቷ ከጻፈችው ሁሉ ይህ የባሰው መናኛ ነበር፤ እንዲህ የተለቀሰበትም ሌላ የለም። ያላለቀሱት እማማ ሄፕሲባ ብቻ ናቸው። በባዶ ዓይን ወደ መስኮቱ፣ ወደ ባሕሩ ያዩ ነበር፤ ፊሉራ ወደዚያ በኩል ላለማየት ተጠነቀቀች።

ጉባኤው ተነሥቶ ተቀበላት። ኦሪን የተነሣው ከሁሉ በኋላ ነው። ፊቱ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀልቶ ነበር፤ የዲያቆን እህት በአደባባይ እንዲህ ከሆነች በድንጋዩ ጀርባ የእሱን ስም የሚያስጽፍ ምን ደፋር አለ? በማግሥቱ ስሙ እንዲቀር ለድንጋይ ጠራቢው መልእክት ሰደደ። ከእናቱ ጎን ያለውን ቦታም በሁለት ምስክር ፊት ለእህቱ አዛወረ፤ ሲፈርም አላያትም፣ እሷም ስለ ሸራ ዋጋ አልጠየቀችውም።

ከቦስተን የመጣው መልስ እንደጠበቀችው ሆነ። ስሟ ከጋዜጣው ተሰረዘ። ኤልናታን ግን አልተሰረዘም፤ ግጥሙ ደራሲ ሳይጠቀስበት ይታተም ጀመር። ልጁን አስቀርተው እናቱን አባረሩለት። ፊሉራም ከዚያ ወዲያ አንድ ስንኝ አልጻፈች፤ ሸሚዝ ስትሰፋ ደረቱ ሰፊ የሆነ ሰው እንዳለ ከረጅም ጊዜ በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ አየች።

ድንጋዩ በመከር መጀመሪያ በመርከብ መጣ። መቃብር ቆፋሪው ፔሌግ በበሬ ጎትቶ ጉብታው ላይ አወጣውና አጥሩ ውስጥ አቆመው። የማኅበሩ ሴቶች አበባ ይዘው ከአጥሩ ውጭ ቆመዋል። ፔሌግ በድንጋዩና በታምዚን መቃብር መካከል ያለውን ሣር አየና ራሱን አከከ። እንጃ፣ ጠበበ፣ አለ። ድንጋዩ ከታዘዘው ሰፍቶ መጥቷል።

ፊሉራ ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ ሣሩ ላይ ተቀመጠች፣ ቀጥሎ በጀርባዋ ተጋደመች፣ እጆቿን ወደ ጎኗ አደረገች። ከአጥሩ ውጭ ሴቶቹ ትንፋሻቸውን ዋጡ። ከልጇ ጎን ተኛች፣ አለች አንዷ በሹክሹክታ፣ መሐረቦቹም ወጡ። ፊሉራ ፊቷ ወደ ሌላው በኩል ነበር። ከሣሩ ስር ቅዝቃዜው ወደ ትከሻዋ ገባ። ሽታው ጥሩ ነበር፤ ደረቅ መሬት ነው።

«በቃሽ ወይ?» አለ ፔሌግ።

«ክርኔ ድንጋዩን ይነካል» አለችው። «ወደዚያ ግፋው።»

ፔሌግ ብረቱን ከድንጋዩ ስር አስገብቶ ገፋ። ትንሹ ኤልናታን እያቃሰተ ወደ አጥሩ ፈቀቅ አለ። ፊሉራ ክርኗን እንደገና ዘረጋች፤ አሁን ሣር ብቻ ነው ያገኘችው።

«ትንሽ ጨምር» አለች።